«ቢዌር ዘ አይድስ ኦፍ ማርች» ምን ማለት ነው፣ ከየትስ መጣ?

መጋቢት 6 አካባቢ ሲደርስ የፈረንጆቹ ሶሻል ሚዲያ በዚህ አባባል ይሞላል። ብዙ ሰው አይድስ ሲባል የሆነ መዓት ወይ የጋኔን ስም ይመስለዋል ግን ምንም አይደለም፣ ሮማውያን የወር አጋማሽን የሚጠሩበት ስም ነው፤ በማርች፣ በሜይ፣ በጁላይና በኦክቶበር 15ኛው ቀን ላይ ይውላል፣ በሌሎቹ ወራት 13ኛው ላይ። እንግዲህ አባባሉ «ማርች 15ን ተጠንቀቅ» ነው፣ አለቀ።

ቀኗን ክፉ ያስባላት የሮማው ገዢ የጁልየስ ቄሳር ግድያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ሮም ውስጥ ሴናተሮች ከበው በጩቤ ወጉት፣ ሱዌቶኒየስ የሚባለው የሮማ ታሪክ ጸሐፊ 23 ቦታ ተወጋ ይላል። ስፑሪና የሚባል የመስዋዕት ከብት ሆድቃ እያየ የሚተነብይ ሰውዬ ይቺን ቀን ተጠንቀቅ ብሎ አስቀድሞ ነግሮት ነበር። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ የጻፈው ደግሞ ይበልጣል፣ ቄሳር በዛችው ቀን ወደ ስብሰባው ሲሄድ ጠንቋዩን ያገኘውና «ይኸው ቀኑ መጣ እኮ» ብሎ ይቀልድበታል፣ ሰውዬው ቀስ ብሎ «አዎ መጥቷል፣ ግን አላለፈም» አለው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን መልስ ነው፣ የሚገርመው ታዋቂ የሆነው ግን እሱ አይደለም።

ታዋቂ የሆነውን እንግሊዝኛ የጻፈው ሼክስፒር ነው፣ በፈረንጆቹ 1599 ገደማ፣ ፕሉታርክን ቶማስ ኖርዝ በ1579 ካወጣው ትርጉም አንብቦ። «ጁልየስ ቄሳር» በሚለው ቴአትሩ ላይ ቄሳር ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ «ይሄ ህልመኛ ነው ተዉት» ብሎ ያልፋል።

አሁን ግሱ ላይ እንምጣ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። «ቢዌር» ድሮ ሁለት ቃል ነበር፣ «ቢ» ሁን፣ «ዌር» ደግሞ ጥንቁቅ፣ ሲገጥሙ «ጥንቁቅ ሁን» ማለት ነው። ለዛ ነው እስከ ዛሬ እንደሌሎች ግሶች መልኩን የማይቀያይረው፣ ትናንት ተጠነቀቅኩ ለማለት «ቢዌርድ» የሚል እንግሊዝ አትሰሙም፣ ትእዛዝ ወይ ምክር ላይ ብቻ ነው የሚሰራው። «አዌር» እና «ዌሪ» የሚሉት ቃላትም ዘመዶቹ ናቸው። «ዌር» ብቻውን ከሰው አፍ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፣ በፈረስ ቀበሮ የሚያድኑት እንግሊዞች ግን ፊት ለፊት የሽቦ አጥር ሲያዩ አሁንም «ዌር ዋየር!» እያሉ ለኋለኛው ይጮሃሉ።

ዛሬ አባባሉን የሚጠቀሙት አብዛኛውን ጊዜ ለቀልድ ነው፣ ማርች 15 ላይ ፈተና ወይ ስብሰባ ያለበትን ጓደኛ ለማስፈራራት። ፖለቲካ ላይ ሲነሳ ግን ቀልድ አይደለም፣ የቄሳር ወዳጅ የነበረው ብሩተስ ከገዳዮቹ አንዱ ስለነበረ አንድን መሪ «የቅርብ ሰዎችህን እያቸው» ለማለት ነው የሚወረውሩት።