ወንድማቸው እየለመናቸው ሊበሉ ተቀመጡ

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ልቤ ያዘነበት ነገር አለ። በአንድ ጉባኤ እያገለገሉ ሰላም የማይባባሉ ወንድማማቾች በዝተዋል። የአንድ እናት ልጆችም አሉበት። የጸቡን መነሻ ስትጠይቋቸው በደንብ አያስታውሱትም፤ የቀረው "እኔ ታላቁ እያለሁ እሱ ማን ነው?" የሚል ኩራት ብቻ ነው።

የዮሴፍን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። እስቲ ዘፍጥረት 37ን ደግማችሁ አንብቡት። ወንድሞቹ ልብሱን ገፈው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፣ ከዚያ "እንጀራም ሊበሉ ተቀመጡ" ይላል። እዚያ ላይ ዮሴፍ አንዲት ቃል ሲናገር አልተጻፈም። ልመናው የሚሰማው ምዕራፍ 42 ላይ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ያውም ከራሳቸው አፍ፦ "በእውነት ወንድማችንን በድለናል፤ እኛን በማማለድ ነፍሱ ስትጨነቅ አይተን አልሰማነውምና።" ለካ ሲለምናቸው ነበር! ለካ እየሰሙ ነው የበሉት! ይህን ሁሉ ዘመን ያ ድምፅ ከጆሯቸው አልወጣም።

ደግሞ ያዕቆብ ሲያለቅስ ሊያጽናኑት የተነሡት እነሱው ናቸው። ወንድማቸውን በ20 ጥሬ ብር የሸጡት ልጆች የአባታቸውን እንባ ሊያብሱ! ሮቤል "አንግደለው" ብሏል፤ "ለአባቱ እንመልሰው" የሚለውን ግን በልቡ ይዞ ቀረ። ከመካከላችን ሮቤል ብዙ ነው፣ በሽማግሌነት ተቀምጦ ዝም የሚል።

"እሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ" የምትሉ አላችሁ። እንሽጠው ያለው ይሁዳ ምዕራፍ 44 ላይ ምን አደረገ? ፊቱ ያለው ዮሴፍ መሆኑን ሳያውቅ ቀረበና በታናሽ ወንድማቸው በብንያም ፋንታ ባሪያ ልሁን አለ። ማንም አልጀመረለትም። እናንተ ግን ወንድማችሁን አኩርፋችሁ ወደ ሥጋ ወደሙ ትቀርባላችሁ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድ ታረቅ ያለው ለማን መሰላችሁ?

ወንድሙ ሳይታረቁ የሞተበት ሰውም ይህን ያነብ ይሆናል። ለአንተ የምልህ ሌላ ነው። ወንድሞቹ "በድለናል" ያሉት ዮሴፍ ሞቷል ብለው እያመኑ ነው። ረፍዷል ብለው አልዋጡትም። አንተም ለንስሐ አባትህ ሳትደብቅ ተናገር። ወንድምህ ልጆች ካሉት ደግሞ ሄደህ ጠይቃቸው፤ ፊት ቢነሱህም ተመልሰህ ሂድ።