ዉልስተን ምንድን ነው?

ዉልስተን በደቡብ እንግሊዝ፣ በወደብ ከተማዋ ሳውዝሃምፕተን፣ ከኢቸን ወንዝ በስተምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መርከብ ሲሠራበት የኖረ፣ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላንም የተነደፈበት ቦታ ነው። (በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር ቀናቱም ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰፈሩ ታሪክ የሚጀምረው ድልድይ ካለመኖሩ ነው። ኢቸን ወደ ባሕሩ ሲቃረብ ስለሚሰፋ ነዋሪው ወደ ከተማው በጀልባ ይሻገር ነበር። በ1836 ኢንጂነር ጄምስ ሬንደል የነደፉት ተንሳፋፊ ድልድይ ሥራ ጀመረ። ሰንሰለት ከዳር እስከ ዳር በወንዙ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ ጠፍጣፋው ጀልባ በእንፋሎት ሞተር መዘውሩን እያዞረ ሰንሰለቱን ይዞ ራሱን ወደ ማዶ ይጎትታል። ጋሪ፣ ከብት፣ በኋላም መኪናና የፋብሪካ ሠራተኛ እያመላለሰ፣ የኢቸን ድልድይ እስከተከፈተበት እስከ 1977 ድረስ ዘለቀ።

ነዋሪውን ያስቸገረው ነገር ለመርከብ ሠሪዎች ግን ሲሳይ ሆነላቸው። የቶርኒክሮፍት ኩባንያ የጦር መርከብ የሚሠራው ለንደን ውስጥ ቺዝዊክ ነበር። መርከቦቹ እየተለቁ ሲመጡ በቴምዝ ድልድዮች ሥር ማለፍ አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ በ1904 ወደ ዉልስተን ተዛወረ፤ ከዚያ እስከ ባሕሩ መንገድ የሚዘጋ ድልድይ አልነበረም።

በ1913 ደግሞ ኖኤል ፔምበርተን ቢሊንግ እዚያው ወንዝ ዳር የአውሮፕላን ፋብሪካ ከፈተ፤ በኋላ ሱፐርማሪን የተባለው ነው። የሚሠራው ውኃ ላይ የሚነሡና የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ስለነበር ሜዳ አላስፈለገውም፤ መንደርደሪያው ወንዙ ነበር። ዋናው ንድፍ አውጪ ሬጂናልድ ሚቸል የነደፋቸው የእሽቅድምድም አውሮፕላኖች የሽናይደርን ዋንጫ በ1927፣ በ1929 እና በ1931 አከታትለው ወስደው ለብሪታንያ አስቀሩት። ከዚያ ልምድ ስፒትፋየር ተወለደ። እሱ ግን የሚነሣው ከመሬት ነው፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ዉልስተን ተሠርተው በመኪና ወደ ኢስትሌይ አየር ማረፊያ ይጓዙና እዚያ ይገጣጠሙ ነበር። የመጀመሪያው በመጋቢት 5 ቀን 1936 በረረ።

እዚህ ላይ ለእኛ ልብ የሚነካ ግጥምጥሞሽ አለ። የብሪታንያ መንግሥት የመጀመሪያዎቹን 310 ስፒትፋየሮች ያዘዘው ሰኔ 3 ቀን 1936 ነው። በዚያው ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 26 ቀን 1928፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኦርፎርድ በምትባል መርከብ ሳውዝሃምፕተን ደርሰው ስደት ገቡ። ሕዝባቸው በፋሺስት አውሮፕላን ቦምብና መርዝ ከተጨፈጨፈ ገና ወራት ብቻ ነበር ያለፉት።

ወንዙ የሰጠውን ያህልም አጋልጧል። ውኃው ጠርዝ ላይ የተገተረ ፋብሪካን ከሰማይ ለይቶ ማግኘት ቀላል ነው። የጀርመን አውሮፕላኖች መስከረም 24 እና 26 ቀን 1940 ባደረሱት ድብደባ ሱፐርማሪን ፈረሰ፤ ሠራተኞችና ጎረቤቶች አለቁ፣ በአጠገቡ የነበረው የኢቸን ፌሪ የዓሣ አጥማጆች መንደርም ወደመ። ሥራው ግን አልቆመም። ማሽኖቹ በደቡብ እንግሊዝ ከተሞች ወዳሉ ጋራዦች፣ የአውቶቡስ ማደሪያዎችና የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ተበታትነው ምርቱ ቀጠለ።

ስለ ዉልስተን ሲወራ ሁሉም በስፒትፋየር ይጀምራል፣ በስፒትፋየር ይጨርሳል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ትውልድ ከትውልድ እንጀራውን ያበሰለለት የመርከብ መሥሪያው ነው። ቶርኒክሮፍት በ1966 ከሌላው መርከብ ሠሪ ከቮስፐር ጋር ተዋሕዶ ሥራውን ገፋ። በ1972 እዚያ ውኃ ላይ የወረደችው ዊልተን ከፋይበርግላስ የተሠራች የመጀመሪያዋ የጦር መርከብ ናት። ፈንጂ አሳሽ ስለሆነች አካሏ ብረት ቢሆን ኖሮ በማግኔት የሚነቃውን የባሕር ፈንጂ ራሷ ላይ ታፈነዳ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ወደ ፖርትስመዝ ተዛወረ። መሬቱ ላይ አሁን ሴንቴነሪ ኪ የተባለ የመኖሪያ መንደር ተሠርቶበታል።