ራሱን ከብርሃኑ ጋር የሚያስማማ ዓይን ምንድን ነው?

መርካቶ ጨርቅ የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሱቁ ውስጥ፣ አምፖል ሥር፣ ጨርቁ ደማቅ ቀይ ይመስላል። ገዢዋ ግን አታምንም። «እስቲ ደጅ ላይ ልየው» ትልና ይዛው ትወጣለች። ፀሐይ ላይ ሲያዩት ሌላ ነው። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ ነው።

ባህር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ግን ደጅ ወጥቶ የማየት ዕድል የለውም። የሚኖርበት ውሃ ራሱ ቀለም ይበላል። ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው። ጥርት ባለ ባህር እንኳ ከ10 እስከ 15 ሜትር ሲወረድ ከቀዩ ብርሃን የሚተርፈው ትንሽ ነው። ብርቱካናማውና ቢጫውም ተራ በተራ ይከተላሉ። ወደ ታች በተሄደ ቁጥር የሚቀረው ሰማያዊ ነው። ጠላቂዎች ጥልቅ ውሃ ውስጥ እጃቸው ሲቧጨር ደማቸው አረንጓዴ መስሎ የሚታያቸው ለዚህ ነው።

ታዲያ ቀለም ለመለየት የተሠራ ዓይን፣ ቀለሞቹ አንድ በአንድ በሚጠፉበት ቦታ ምን ይሆናል? ባለ ቅርፊቶቹ የባህር እንስሳት፣ ማለትም እነ ሽሪምፕ፣ እነ ሸርጣን፣ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አላቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ የማንቲስ ሽሪምፕ መልስ ነው።

ስሙ ሽሪምፕ ይባል እንጂ የሽሪምፕ የቅርብ ዘመድ አይደለም። ኮራል (ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሚሠሩት አለት መሰል ነገር) ውስጥ ወይም አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ይዞ የሚያደባ አዳኝ ነው። ዓይኖቹ ዘንግ ላይ ተቀምጠው ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የዓይኑን ኳስ መሀል ለመሀል የሚያስር መቀነት ታገኛላችሁ። ኮራል ላይ በሚኖሩት ዝርያዎች መቀነቱ 6 ረድፍ የትንንሽ ዓይኖች ሰልፍ ነው። ከእነዚህ 4ቱ ረድፎች ሥራቸው ቀለም ነው። እኛ ለቀለም 3 ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴል አለን። እሱ 12 አለው፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ሰው የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ያያሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። 12 ስላለው እኛ በሕልማችን የማናየውን የቀለም ዓለም ያያል የሚል ወሬ በየቦታው አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ ሌላ ነው ያሳየው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የብርሃን ሞገድ ርዝመት አለው፤ የሚለካውም በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ማንቲስ ሽሪምፖቹ ከ12 እስከ 25 ናኖሜትር ያህል ካልተራራቁ በቀር ሁለት ቀለሞችን መለየት አቃታቸው። ሰው ጥቂት ናኖሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ የሚያስደንቀው ቁጥሩ አይደለም። የሚያስደንቀው ማጣሪያው ነው።

ማጣሪያው ምንድን ነው? በመቀነቱ ሁለት ረድፎች ውስጥ ብርሃን ተቀባዮቹ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረዋል። በመሀላቸው ቀለም ያለው ስስ ንብርብር አለ፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ልክ ባለቀለም መነፅር ማለት ነው፣ ግን ዓይን ውስጥ የበቀለ። ብርሃኑ ንብርብሩን አልፎ ነው ታች ያለው ሴል ጋ የሚደርሰው። ማጣሪያው ቀይ ከሆነ ሴሉ የሚያገኘው ቀይ ብርሃን ብቻ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። ቀይ መነፅር አድርጎ ቀይ ብርሃን የሌለበት ጥልቀት ውስጥ መኖር ማለት ያ ሴል ታወረ ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ቶማስ ክሮኒን፣ ሮይ ካልድዌልና ጀስቲን ማርሻል እ.ኤ.አ. በ2001 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ መልሱን ይዘው መጡ። ያጠኑት ሃፕቶስኩዊላ ትራይስፒኖሳ የሚባል ትንሽ ዝርያ ነው። ይህ ዝርያ ዳርቻው ላይም፣ ታች ጥልቁ ውስጥም ይኖራል። ዳርቻ ያሉት ማጣሪያቸው ወደ ቀይ ያደላል። ጥልቁ ውስጥ ያሉት ደግሞ ወደ ቢጫ። ቢጫው ማጣሪያ አጠር ያለ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃንም ያሳልፋል፤ ሴሉ ሥራ አይፈታም። ብርሃኑን የሚቀበለው ሞለኪውል ግን በሁለቱም ቦታ ያው ነው። የተቀየረው መነፅሩ ብቻ ነው።

ምናልባት ጥልቁ ውስጥ ያሉት ከእናት ከአባታቸው የወረሱት ይሆን? ይህንንም ፈተሹት። ገና ታዳጊ የሆኑትን ወስደው ግማሹን ነጭ ብርሃን ሥር፣ ግማሹን የጥልቅ ባህርን በሚመስል ሰማያዊ ብርሃን ሥር አሳደጉ። ወራት አለፉ። ሰማያዊው ውስጥ ያደጉት የጥልቅ ነዋሪዎቹን ዓይነት ማጣሪያ አበቀሉ። ዓይኑ የተቀረፀው ባደገበት ብርሃን ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። የማንቲስ ሽሪምፕ እጭ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ነው የሚቆየው፤ ኋላ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ስለዚህ ካረፈ በኋላ የሚስተካከል ዓይን ያስፈልገዋል።

የሚታየውም አካል ከብርሃኑ ጋር ይስማማል። ሊሲዮስኩዊሊና ግላብሪዩስኩላ የተባለው ዝርያ ሲያስፈራራ የሚዘረጋው ቢጫ ምልክት አለው። ምልክቱ ሰማያዊውን ብርሃን ይመጥና መልሶ ቢጫ አድርጎ ያወጣዋል። ቢጫ ብርሃን በጠፋበት ጥልቀት ቢጫው ደምቆ ይታያል።

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በምጽዋ ስም የተሰየመ ማንቲስ ሽሪምፕ አለ፤ ኤሩጎስኩዊላ ማሳቬንሲስ። የቀይ ባህር ልጅ ነው፤ በስዊዝ ካናል አልፎ ሜዲትራኒያን ገብቷል። አሸዋና ጭቃ መሬት ይወዳል። የእሱ ቤተሰብ የኮራሉን ደማቅ ብርሃን ትቶ ደብዛዛውን ውሃ የመረጠ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ዓይኑ በደንብ የተጠናው በአሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ የሚኖረው ዘመዱ ስኩዊላ ኤምፑሳ ነው። መቀነቱ 6 ረድፍ የለውም፤ 2 ብቻ ነው። ባለቀለም ማጣሪያ የለም። በቀደመው ጥናት ብርሃን ተቀባይ ሞለኪውሉም አንድ ዓይነት ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንድ ደግሞ ቀለም መለየት አይቻልም። ውሃው ደፍርሶ ቀለም ሲጠፋ፣ ዓይኑም የቀለም መሣሪያውን ቀነሰው።