የሩቅ ጋላክሲዎች ብርሃን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ቴሌስኮፕ ጋላክሲን አሁን ያለበትን ሁኔታ ያሳየናል።»
አያሳየንም። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጓዝም፣ ከጎረቤታችን ከአንድሮሜዳ ጋላክሲ እንኳ እኛ ጋ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። የምናየው የዚያን ጊዜውን አንድሮሜዳ ነው። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የምናየው ዘመንም ወደ ኋላ ይሄዳል።

«ብርሃኑ 13.5 ቢሊዮን ዓመት ከተጓዘ ጋላክሲው ያለው 13.5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ነው።»
ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ብርሃኑ መንገድ ላይ እያለ ኅዋው ራሱ ሲለጠጥ ቆይቷል። ጋላክሲው ዛሬ ከ33 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቋል (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። ብርሃኑም አብሮ ተለጥጧል፤ አልትራቫዮሌት (ከሐምራዊ ወዲያ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ብርሃን) ሆኖ ተነስቶ ኢንፍራሬድ (ከቀይ ወዲያ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ብርሃን) ሆኖ ይደርሳል። ኅዋ ላይ ያለው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ለኢንፍራሬድ የተሠራው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

«ጋላክሲው ፎቶው ላይ ከቀላ፣ ብርሃኑ ብዙ ተለጥጧልና በጣም ሩቅ ነው ማለት ነው።»
የግድ አይደለም። አቧራም ያቀላል። በፈረንጆቹ 2022 አንድ ጋላክሲ በፎቶ ብቻ ሲገመት፣ ከቢግ ባንግ (የኅዋ መለጠጥ ከጀመረበት ቅጽበት) 240 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ የነበረ መስሎ ነበር። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በኋላ ብርሃኑ በስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን በየቀለሙ በሚለይ መሣሪያ) ተበትኖ ሲታይ፣ ዘመኑ ከቢግ ባንግ 1.2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ሆኖ ተገኘ። ያሳሳተው አቧራው ከጋለ ጋዝ ብርሃን ጋር ተደምሮ ነው። ስለዚህ «ሪከርድ ተሰበረ» የሚል ዜና ስታዩ፣ መጀመሪያ ስፔክትረሙ (በየቀለሙ የተበተነው ብርሃን) መለካቱን ጠይቁ።

«ቴሌስኮፕ ቢተልቅ ቢግ ባንግን ራሱን እናያለን።»
በብርሃን አይቻልም። የመጀመሪያዎቹን 380 ሺህ ዓመታት ኅዋው ብርሃን አያሳልፍም ነበር።

«ጄምስ ዌብ ቢግ ባንግን ውድቅ አደረገ።»
አላደረገም። የጥንቶቹ ጋላክሲዎች ከተጠበቀው በላይ ደማቅና ብዙ ሆነው መገኘታቸው ግን እውነት ነው፤ ደስ የሚለው ጉዳይም እዚህ ጋ ነው። ጄድስ-ጂኤስ-ዚ14-0 የተባለውን ጋላክሲ የምናየው ከቢግ ባንግ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ በነበረበት ሁኔታ ነው። በ2025 ቺሊ ያለው አልማ ቴሌስኮፕ እዚያ ውስጥ ኦክስጅን አገኘ። ኦክስጅን የሚሠራው በከዋክብት ሆድ ውስጥ ነው። እንግዲህ ያ ብርሃን ከመነሳቱ በፊት ግዙፍ ከዋክብት ተወልደው፣ ነደው፣ ፈንድተው ነበር ማለት ነው። ሳይንቲስቶች አሁን የሚከልሱትም የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት መቼና በምን ፍጥነት እንደተወለዱ የሚገልጹትን ሞዴሎች ነው።