«አካውንቱ ታገደ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ተንታኝ በቀጥታ ስርጭት ሲያወራ አዳመጥኩ። ለንደን ውስጥ ስለታገደ የአንድ ነጋዴ አካውንት ነው ወሬው። መጀመሪያ «እንግሊዝ ገንዘቡን ወረሰው» አለ። ትንሽ ቆየና «ፍርድ ቤት ወንጀለኛ ብሎታል» አለ። ከዚያ ደግሞ «ባንኩ ነው ጉድ የሠራው» አለ። ሦስት የማይገናኙ ነገሮችን በሦስት ደቂቃ አንድ ላይ አቦካቸው። ከስር የሚያዳምጠው ሕዝብ ደግሞ «ካልሰረቀ ምን አስፈራው!» ይላል።

የእኔ እንጀራ ይኸው ነው። ለንደን ውስጥ አካውንታቸው የታገደባቸውን ሰዎች ወክዬ እከራከራለሁ። ሐበሻ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምሠራው የሕግ ሥራ አይደለም። ከእንዲህ ዓይነት ስርጭት የሰማውን ከጭንቅላቱ ማውጣት ነው።

ችግሩ ከቃሉም ይጀምራል። በአማርኛ «እግድ» ያልሆነ ነገር የለም። የቤት ግንባታ ይታገዳል፣ ጋዜጣ ይታገዳል፣ ተጫዋች ይታገዳል። ባንክ ካርድህን ሲዘጋው «ታገድኩ» ትላለህ፣ ፍርድ ቤት ሲዘጋውም «ታገድኩ» ትላለህ። መፍትሔው ግን ሰማይና ምድር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አጠፋሁ?» አይደለም። «ማን ነው ያገደኝ?» ነው።

ባንኩ ከሆነ እስካሁን ፍርድ ቤት የሚባል ነገር የለም። ባንኩ አንድ ዝውውር አላማረውም፣ ለብሔራዊ የወንጀል መከላከያ ኤጀንሲ ሪፖርት አድርጎ ፈቃድ እየጠበቀ ነው። ኤጀንሲው መልስ ለመስጠት ሰባት የሥራ ቀን አለው። ከከለከለ ሌላ 31 ቀን ይቆማል። ይህ 31 ቀን በፍርድ ቤት እየተራዘመ እስከ 186 ቀን ሊጨመርበት ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባንክ ብትደውል «ምክንያቱን መናገር አልችልም» ትባላለህ። ልጅቷ ስለናቀችህ አይደለም። ምርመራውን የሚጎዳ ነገር ለደንበኛ ሹክ ማለት ራሱ ወንጀል ነው፣ እስር ያስከትላል። እባካችሁ ስልክ የሚያነሱትን ልጆች አትስደቡ።

ፍርድ ቤት ከሆነ ግን ስም ያለው ነገር ነው፦ የአካውንት እግድ ትዕዛዝ። በ2002 የወጣው የወንጀል ፍሬ (ከወንጀል የተገኘ ሀብት) ሕግ ውስጥ በ2017 የገባ፣ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት (ቀኖቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። መርማሪው ከኃላፊው ፈቃድ ይዞ ማጂስትሬት ወደሚባለው የታችኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቢያንስ 1,000 ፓውንድ ያለበት አካውንት መሆን አለበት። ትዕዛዙ ቢራዘም ቢራዘም ከሁለት ዓመት አያልፍም። ክስ አያስፈልገውም። «አልተከሰስኩም፣ እንዴት ያግዱኛል?» የሚለውን በየሳምንቱ እሰማለሁ። ያግዱሃል። ትዕዛዙ ባንተ ላይ ሳይሆን በገንዘቡ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጎታው ልግባ። አያቴ ቤት ጥግ ላይ በጭቃና በእበት የተሠራ ትልቅ ጎታ ነበር። እህሉ ከላይ ይገባል፣ ከታች ባለች ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳዋ በጨርቅ ትወተፋለች። የእግድ ትዕዛዝ ያቺን የታች ቀዳዳ በጭቃ መምረግ ነው። እህሉ አልተወሰደም። የእህሉ ባለቤትም አልተለወጠም። ትዕዛዙ የሚከለክለው ማውጣትን ስለሆነ ከላይ ሲገባ ሊቀጥልም ይችላል። ደሞዙ የታገደ አካውንት ውስጥ እየገባ አራት ወር የተጠራቀመበት ሰው አውቃለሁ። ዓይኑ እያየ ከጎታው ውስጥ አንዲት ፍሬ ማውጣት አይችልም። መውረስ ማለት ግን ጎታውን ገልብጦ እህሉን ጭኖ መሄድ ነው። ያ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ችሎት፣ ሌላ የማስረጃ ደረጃ ነው።

ተንታኛችን ምን አለ? «ማስረጃ ባይኖራቸው ፍርድ ቤት አይፈቅድም ነበር።» ወንድሜ፣ ይፈቅዳል። በዚህ ደረጃ ሕጉ የሚጠይቀው ለመጠርጠር የሚያበቃ ምክንያት መኖሩን ብቻ ነው። ገንዘቡ የወንጀል ፍሬ ነው ወይም ለወንጀል ሊውል ነው ብሎ ለመጠርጠር። ማመን እንኳ አይደለም። ባለቤቱ ቀድሞ ካወቀ ገንዘቡን ያሸሻል ከተባለ ደግሞ እሱ በሌለበት ይሰማል። አንድ ወገን ብቻ የተናገረበት፣ እኔ ካየኋቸው አንዳንዶቹ ሃያ ደቂቃ ያልሞሉ ችሎቶች ናቸው። ከእንዲህ ዓይነት ችሎት ወጥቶ «ፍርድ ቤት ወንጀለኛ አለው» ማለት፣ ፖሊስ መንገድ ላይ መታወቂያ ጠየቀው ተብሎ «ተፈረደበት» እንደማለት ነው።

በቀላሉ የሚገኝ ትዕዛዝ ስለሆነ ነው ሕጉ መቃወሚያውንም ሰፋ ያደረገው። ትዕዛዙ የሚነካው ማንኛውም ሰው በማንኛውም ጊዜ እንዲሻሻል ወይም እንዲነሳ ማመልከት ይችላል። «የሚነካው» የሚለው ቃል ላይ ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

ደንበኞቼ መቃወም ሲሉ «ንጹህ ነኝ» ብሎ መጮህ ይመስላቸዋል። እኔ ብዙውን ጊዜ የምጀምረው ከዚያ አይደለም። መጀመሪያ ቀዳዳዋ በትንሹ እንድትከፈት እጠይቃለሁ። ፍርድ ቤቱ ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብ፣ ንግድ ካለም ንግዱን ለማስኬድ የሚሆን ገንዘብ ከእግዱ ውጪ ማድረግ ይችላል። በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ለጠበቃ ወጪም ጭምር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ክብር ይዞት ይህን ሳይጠይቅ የሁለት ወር ኪራይ ያዛለፈ ሰው አይቻለሁ።

ከዚያ የመርማሪውን ማመልከቻ አገላብጣለሁ። ባለቤቱ በሌለበት የቀረበ ከሆነ መርማሪው የራሱን ማመልከቻ የሚጠቅመውን ብቻ ሳይሆን የሚጎዳውንም ለፍርድ ቤቱ የመናገር ግዴታ አለበት። ባንኩ ዘንድ የገንዘብ ምንጭ ማስረጃ ከአምና ጀምሮ ተቀምጦ ሳለ መርማሪው «ምንጩ አይታወቅም» ብሎ ከሆነ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ጥርጣሬው ከምን ጋር እንደተያያዘ ነው። «ወንድሙ ይመረመራል» ማለት ስለ ወንድሙ ነው፣ ስለዚህ አካውንት ገንዘብ ምን ተባለ? ማራዘሚያ ሲጠይቁ ደግሞ «ባለፉት ስድስት ወራት ምን ሠራችሁ?» ብዬ ቀን በቀን አስቆጥራለሁ። አንዳንዴ መልሱ አንድ ኢሜይል ይሆናል።

እዚህ ላይ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ላስገባ። ጎን ለጎን የወንጀል ምርመራ ካለ፣ ለእግዱ ብለህ የምትፈርመው ቃል ነገ ሌላ ችሎት ላይ ሊጠብቅህ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ምክሬ «ለጊዜው ዝም በል» ነው። እና እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ተጽፎ የአምና ቀን የተጻፈበት የብድር ውል ይዛችሁልኝ አትምጡ። የአጎት ልጅ የፈረመበት፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ። ከታገደው ገንዘብ የሚብሰው እሱ ነው።

አሁን «የሚነካው ማንኛውም ሰው» ወዳልኩት። አንዲት እናት ነበሩ፣ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። የእቁብ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ሃያ ሰው፣ በወር አምስት አምስት መቶ ፓውንድ፣ ሁሉም ወደ እሳቸው አካውንት ይገባል። እጣው እንደወጣ አሥር ሺው በአንድ ቀን ለአንድ ሰው ይወጣል። በየወሩ ለሌላ ሰው። እቁብን ለማያውቅ ኮምፒውተር ይህ ምን ይመስላል? አካውንቱን ለሌባ ያከራየ ሰው ነው የሚመስለው። ታገደ።

እትዬ ቢሮዬ የመጡት በፌስታል ደብተር ይዘው ነው። ባለ ካሬ ወረቀት፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የከፈለ ሁሉ ስሙ ጎን ፊርማ፣ እጣ የደረሰው ጎን ደግሞ ቀይ ኮከብ። የሦስት ዓመት ሒሳብ፣ አንድ ስርዝ የለበትም። አስተረጎምነው። ተርጓሚው «የእቁብ ዳኛ» የሚለውን ቃል በቃል «ዳኛ» ብሎ ገልብጦታል። ማጂስትሬቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ዳኛ የየትኛው ፍርድ ቤት ነው?» አሉ። እትዬ በአማርኛ «የኛው ነው» ብለው መለሱ። እቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ወደ ጎታው ስንመለስ፣ የታሸገው የአንድ ቤት ጎታ ቢሆንም ውስጡ ያለው የጎረቤት ሁሉ እህል ነበር። ስለዚህ አባላቱም የሚነካቸው ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከየት አምጥተው እንደከፈሉ የደሞዝ ወረቀታቸውን ይዘው ቃል ሰጡ። ከአንዱ በስተቀር። እሱ «ስሜ ከዚህ ነገር ውስጥ አይግባ» አለ፣ መብቱ ነው። ከእሱ ድርሻ በስተቀር የሌላው በአምስተኛው ወር ተለቀቀ። ሕጉ የተቀላቀለን ገንዘብ የሚያየው እንዲህ ነው። የተሰረቀ ቁና ጤፍ ከሌላው ጋር ቢቀላቀል፣ የሚወረሰው ያን ያህሉ ነው እንጂ ጎታው በሙሉ አይደለም። መለየቱ የሚያስጨንቀው ባለ ደብተር ያልሆነውን ነው።

ጎታ ደግሞ ነቀዝ አለው። በአምስቱ ወር ቀጣይዋ ባለ እጣ ለቤት መግዣ ያሰበችው ቅድሚያ ክፍያ አለፋት። ይህን ማን ይከፍላል? ብዙውን ጊዜ ማንም። ምንም ሳይወረስ ካበቃ ካሣ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ኪሳራ ከመድረሱ በላይ ሁኔታው ልዩ መሆኑን ማሳየት አለብህ። የጠበቃ ወጪም እንዲሁ ነው። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ጉዳይ፣ ፖሊስ በቅንነትና በምክንያት ከሠራ ቢሸነፍም በመርህ ወጪ አይከፍልም ብሏል። አሸንፈህም ከኪስህ ሊወጣ ይችላል። ሒሳቡን ቀድሜ ስነግር ፊታቸው የሚጠቁርብኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው።

ሌሎች ነገሮች በአጭሩ። ኤርፖርት ላይ በጥሬው የተያዘ ገንዘብ ሌላ አንቀጽ ነው፣ እዚያ የመጀመሪያው ቆጠራ በ48 ሰዓት ነው። ክሪፕቶም ከ2024 ጀምሮ የራሱ እግድ አለው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የእኔን ምክር አትውሰዱ። እዚያ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከሕገ መንግሥት ይነሳል። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከወንጀል ጋር ያልተነካካ፣ ተከሳሽ ለጠበቃው የሚከፍለውን ንጹህ ገንዘብ ከፍርድ በፊት ማገድ አይቻልም ብሏል። ከዚያ በፊት በ2014 ግን ተከሳሹ «ክሱ ራሱ በቂ ምክንያት የለውም» ብሎ እግዱን እንዳይቃወም በሩን ዘግቶበታል። አገር ቤትም ሌላ ነው። ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚመለከት የራሱ አዋጅ አለ፣ ለሙስናም እንዲሁ። ለንደን ላይ የሠራ መንገድ ልደታ ላይ ላይሠራ ይችላል። የአዲስ አበባ ጠበቃ ጠይቁ።

አሁን ያን ስርጭት ያናደደኝ ነገር። «ወረሱት» የሚለው ወሬ ዝም ብሎ ስህተት ብቻ አይደለም፣ ገንዘብ ያስበላል። መርማሪው ወደ መውረስ ሲሸጋገር ፍርድ ቤት ሳይሄድ የመውረስ ማስታወቂያ በደብዳቤ ሊልክ ይችላል። ለመቃወም ቢያንስ 30 ቀን ይሰጥሃል። ቃላቱ ቀላል ናቸው፣ «እቃወማለሁ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከተቃወምክ መርማሪው ፍርድ ቤት ሄዶ ገንዘቡ የወንጀል ፍሬ ወይም ለወንጀል የታሰበ መሆኑን በማስረጃ ሚዛን (ካለመሆኑ ይልቅ መሆኑ ያመዝናል በሚያሰኝ ደረጃ) የማስረዳት ሸክም አለበት። ያኔ ጥርጣሬ ብቻ አይበቃውም። ካልተቃወምክ ግን ችሎት የለም፣ ምስክር የለም፣ ገንዘቡ ሄደ። «ቀድሞ ተወርሷል» ብሎ ያመነ ሰው ደግሞ ፖስታውን ለምን ይከፍተዋል?

ባለፈው ወር አንድ ታክሲ ነጂ መጣ። ፖስታውን ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀምጦት ከርሟል፣ ጠርዙ የቡና ቀለበት አርፎበታል። «ለቀብር ነው እንጂ ለክርክር አልመጣሁም» አለኝ እየሳቀ። ከፈትኩት። ቀኑን ቆጠርኩ፣ 34ኛው ቀን ላይ ነን። የመቃወሚያው 30 ቀን አልፏል። ካለፈ በኋላ ግን ውርሱ ይነሳልኝ ብሎ ለማመልከት ሌላ 30 ቀን አለ። እሱን አያውቅም ነበር።

«ስንት ቀን ቀረን?» አለ ሳቁን አቁሞ።

«ሃያ ስድስት። ሂድና የባንክ ስቴትመንትህን አምጣ።»