የነፍሰ ጡር እግር ውሃ መቋጠር ምንድን ነው?

«እግሯ ውሃ ቋጥሯል፤ ውሃ ትቀንስ።» ይህ ምክር ጎንደር ላይ ከረከቦቱ ዙሪያ እስከ ፌስቡክ ድረስ ይዞራል። ሰሞኑን አንዱ አስተያየት ሰጪ «የሚያሸና ኪኒን ትውሰድ» ብሎ ጨመረበት። ወንድሜ፣ ያበጠው የጠጣችው ውሃ አይደለም!

በእርግዝና የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። የከበደው ማሕፀን ደግሞ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን ደም መልስ ይጫነዋል። ደምቢያ ላይ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩ ይገባዋል፦ ቦዩ ወደታች ሲጠብ ውሃው ዳርና ዳሩን ያረሰርሳል። ታዲያ ምንጩ ይደፈን? ቢደፈንም ቦዩ ያው ጠባብ ነው፤ የሚጠማው ማሳው ነው፤ ማሳው ፅንሱ ነው። ስለዚህ በቀን ከ8 እስከ 10 ብርጭቆ ይጠጣል (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት የሐኪሟን መጠን ትከተል)። ጨው ከልክ አይለፍ እንጂ ጨርሶ አይቆረጥም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚያሸና ኪኒን አይነካም።

የሚሠራው ቦዩን መክፈት ነው። ደም መልሱ ከአከርካሪ በስተቀኝ ስለሚያልፍ በግራ ጎን መተኛት ጫናውን ያቀልላል። በቀን ሁለት ሦስቴ ጋደም ብሎ እግርን በትራስ ከልብ በላይ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ መስቀል ነው፤ ተቀምጦ በርጩማ ላይ መዘርጋት ግማሽ ሥራ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ዱካ ላይ ጉልበት አጥፎ መዋል ያባብሳል፤ በመሐል ተነስቶ መራመድ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር። እግርን አጥብቆ የሚይዘው የሕክምና ካልሲ የሚጠለቀው ጠዋት ከአልጋ ሳይወረድ ነው። ካበጠ በኋላ ብዙም አይጠቅም፤ አፉ ከተጠቀለለ ደግሞ እንደ ገመድ ያንቃል።

«ያበጠች ሁሉ የደም ግፊት አለባት» የሚለውም ስሕተት ነው። ማታ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር ብቻውን ግፊትን አያሳይም፤ ግፊት ኖሮባት ምንም የማታብጥም አለች። የሚያስፈራው ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጡ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም ሲመጣ ነው፤ ያን ቀኑን ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመና ከጋለ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ አይታሽም፣ ወደ ሐኪም ነው።

ግፊት ከ140/90 ጀምሮ አሳሳቢ ነው። ግን ዳገት ወጥታ እንደደረሰች ብትለካ የተለካው ዳገቱ ነው። ቢያንስ 5 ደቂቃ ጀርባዋን አስደግፋ ትረፍ፣ እግሯ መሬት ይንካ፣ ክንዷ ከልብ ትክክል ይቀመጥ፣ በልብስ ላይም አይለካ።