ማንቁርታቸው ለወጣላቸው ሕሙማን የሚደረግ የአተነፋፈስ እንክብካቤ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ የማውጣት ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው ለማንቁርት ካንሰር የሚደረግ ሲሆን፣ የአየር ቧንቧው ጫፍ ከአንገት ቆዳ ጋር ተሰፍቶ ቋሚ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሕመምተኛው የሚተነፍሰው፣ የሚያስለውና አክታ የሚያወጣው በአንገቱ ብቻ ነው። ለካንሰር ሲባል የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ያደረገው ቴዎዶር ቢልሮት ነው፤ ቦታው ቪየና፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1873 ነበር። በባሕር ዳር ለአካባቢው ሕዝብ ባለውለታ የሆኑት የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ረጅም እንክብካቤ የሚወድቀው በአስታማሚውና በራሱ በሕመምተኛው ላይ ነው።

የእንክብካቤው መሠረት እርጥበት ነው። አፍንጫ አየሩን አጣርቶ፣ አሙቆና አርጥቦ ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለአየር ቧንቧ ያደርስ ነበር። በአንገት የሚገባው አየር ግን ከነአቧራው፣ ከነቅዝቃዜውና ከነድርቀቱ ስለሚደርስ አክታው ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ ቅርፊት ሆኖም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን የመተንፈሻ ቱቦ ሊደፍን ይችላል። የሐይቅ ዳር አየር ለእነዚህ ሕሙማን ይስማማል የሚሉ አሉ፤ በክረምት እውነትነት ሳይኖረው አይቀርም። ከዝናብ ውጭ ባሉት ወራት ግን፣ በተለይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና መንገዱ አቧራ ሲሆን፣ የጣና ቅርበት አፍንጫን አይተካም።

ከሁሉ የሚመረጠው ቀዳዳው ላይ የሚገጠምና ከሚወጣው ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ይዞ ለሚገባው አየር የሚመልስ ማጣሪያ ነው፤ ቀንና ሌሊት ይደረጋል፣ ቢያንስ በየዕለቱም ይቀየራል። ይህ በማይገኝበት ቤት በንጹሕ ውኃ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ስስ የቁስል ጨርቅ (ጋዝ) ከቀዳዳው ፊት እንዲንጠለጠል ይደረጋል። ክር የሚረግፍ ጥጥ ወደ ሳንባ ሊሳብ ስለሚችል አይመከርም። በመተንፈሻው ቱቦ ውስጥ የሚገባው የውስጠኛው ቱቦ በቀን ብዙ ጊዜ ወጥቶ በለብታ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በትንሽ ብሩሽ ይታጠባል። ሕመምተኛው ጠዋት መስታወት ፊት ተቀምጦ፣ በባትሪ እያበራ የቀዳዳውን ዳር ያያል፤ የደረቀውን ቅርፊት በጥቂት ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውኃ) አለስልሶ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ያስላል፣ የወጣውንም ከአፉ ሳይሆን ከአንገቱ ይጠርጋል። አክታውን በሳክሽን (በቀጭን ቱቦ በሚስብ መሣሪያ) ከመሳብ በፊት ሳላይን ወደ ውስጥ መጨመር ይጠቅማል ወይ የሚለው ባለሙያዎችን ያከራክራል። በሳክሽን መሳብ ግን እንደ ልማድ በሰዓት የሚደረግ ሳይሆን አክታው በሳል አልወጣ ሲል ብቻ መሆን አለበት።

አየር በአፍንጫ ስለማያልፍ የማሽተት ችሎታ በእጅጉ ይቀንሳል። በመሆኑም ሕመምተኛው የምድጃው፣ የከሰሉና የእጣኑ ጢስ ሳይሸተው በቀጥታ ሳንባው ይገባል፤ በርበሬ ሲቆላ ከማድ ቤት እንዲርቅ ማድረግ የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው።

በጣና ዳር በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባው ውኃ ነው። ጠበል መጠጣት በዚህ ረገድ አያሰጋም፤ የምግብና የአየር መንገዶቹ ተለያይተዋልና። ከራስ ላይ ሲፈስ ግን ውኃው በቀጥታ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ለአጥማቂው አባት አስቀድሞ ነግሮ ከትከሻ በታች መጠመቅ ይበጃል። በሐይቁ መዋኘት ፈጽሞ አይገባም። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ በጀልባ የሚሻገር ሰው ተንሳፋፊ ጃኬት ቢለብስም፣ ውኃው አንገቱ ከደረሰ መስጠሙ ስለሆነ ብቻውን ባይሄድ ይሻላል። መለዋወጫ ቱቦና ሳላይንም መያዝ አለበት።

ከማንቁርቱ ጋር የሚጠፋውን ድምፅ የመመለስ ዘዴዎች ራሳቸውን የቻሉ ርእስ ናቸው።

ትንፋሽ ቢያጥር በመጀመሪያ የአንገቱ መሸፈኛ ይነሣል፣ የውስጠኛው ቱቦ ይወጣል፣ ኦክስጅንም በአንገቱ ቀዳዳ ይሰጣል፤ በአፍና በአፍንጫ የሚሰጥ ሳንባ አይደርስም። ሰውየው ጮኾ ሊያስረዳ ስለማይችል «የምተነፍሰው በአንገቴ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ በኪሱ ይያዝ፣ ቤተሰቡም ለጎረቤቱና በቅርብ ላለው ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ይንገር።